መድፍን ሐውልት ስለ ማድረግ፤ ከመቅደላ እስከ ድብ ባሕር

ከጦር መሣሪያ ሁሉ ይልቅ መድፍ ከባለቤቱ በኋላ ረዥም ዘመን ይኖራል። ጋሻ ይበሰብሳል፤ የጦር ሶማያ በነቀዝ ይበላል፤ ጠመንጃም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ታሪኩ ይጠፋል። መድፍ ግን ክብደቱ ራሱ ዘበኛው ስለ ሆነ በወደቀበት ስፍራ ይቀራል። ስለዚህም በብዙ አገር ጦርነቱ አልፎ ሙታኑ ከተቀበሩ በኋላ ለመታሰቢያ የሚሆን ነገር ሲፈለግ ዐይን በመጀመሪያ የሚያርፈው በመድፍ ላይ ነው። ይጠረጋል፤ ይወለወላል፤ በድንጋይ መደብ ላይ ይወጣል፤ ከበታቹም ጥቂት ቃል ይጻፍለታል።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን መድፍ ሐውልት በሚሆንበት ጊዜ ሦስት ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ ሳይመለሱ ይቀራሉ፤ ይኸውም፦ መድፉ የማን ነበረ? ስለ መድፉ ወይም በመድፉ የሞቱት እነማን ናቸው? በገላው ላይ የሚታየውስ ጠባሳ መጠገን ያለበት ጉድለት ነው ወይስ መነበብ ያለበት ታሪክ? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመረመሩ የቆመ ሐውልት የሚያስታውሰው መሣሪያውን እንጂ ሰውን አይደለም። በኢትዮጵያ ይህን ለመመርመር ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ሴባስቶፖል የተባለው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ነው። ምሳሌውም ለመቅደላ ብቻ ሳይሆን፣ ቴዎድሮስ ዘውድ ለጫኑበት ለስሜንና ከእርሱ ግርጌ ለሚገኙት ለደባርቅ፣ ለዳባትና ለድብ ባሕር አገሮች ትምህርት አለው።

አስቀድሞ ስለ አገሩ ልማድ ጥቂት መናገር ይገባል። በኢትዮጵያ የቈየው የጦርነት መታሰቢያ ከዕቃ ይልቅ በስምና በሥርዓት ላይ የቆመ ነበር። የሞተው ጀግና በአርባው ቀንና በሙት ዓመቱ ተዝካር ይወጣለታል፤ አልቃሽ በሙሾዋ አባቱንና አያቱን እየጠራች የዋለበትን ትናገራለች፤ የተረፈውም ጓደኛው በፉከራው ጊዜ የማን ልጅ እንደ ሆነና የት እንደ ዋለ ይዘረዝራል። ዘውዱ፣ ካባው፣ ነጋሪቱ ወይም ሰይፉ ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጥም ከዕቃው ጋር የሰጪው ስም በጸሎት ይታሰባል። በዚህ ሥርዓት ዕቃው ለስሙ አገልጋይ ነው። በአደባባይ የሚቆም መድፍ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ስም አይጠራም፤ የሚያስጠራም ካህን ወይም አልቃሽ ከጎኑ የለውም። ስለዚህ ልማዱ ወደ አገር ሲገባ ከወዴት እንደ መጣና በመጣበትም አገር ምን እንደ ደረሰበት ማወቅ አስፈላጊ ነው።

በአውሮፓ መድፍን የከተማ ጌጥ ማድረግ በሰፊው ከተለመደባቸው ጊዜያት አንዱ የክሪሚያ ጦርነት ነው። እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ከቱርክ ጋር ተባብረው የሩስያን ምሽግ ሴባስቶፖልን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1855 ከያዙ በኋላ፣ የተማረኩት የሩስያ መድፎች ለእንግሊዝ ከተሞችና እስከ ካናዳ ድረስ ላሉት ግዛቶች ታደሉ። ከተሞቹም በመናፈሻና በአደባባይ ተከሏቸው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የጀርመን መድፎች በዚሁ አኳኋን ተከፋፈሉ። በዚህ ጊዜ ግን የሰዉ ስሜት ተለውጦ ነበር። ልጆቻቸውን ያጡና ከግንባር የተመለሱ ሰዎች፣ ወንድሞቻችንን የገደለ ብረት በደጃችን አይቆምም ብለው በየስፍራው ተቃወሙ፤ አንዳንዱ ከተማም መድፉን አልቀበልም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ብረት ስለ ተፈለገ ከክሪሚያ የመጡትም ከጀርመን የተማረኩትም ብዙዎቹ ተሰብረው ቀለጡ። የሙታን ስም የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ግን በየመንደሩ ቀሩ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ለድል ማሳያ ብቻ የቆመ መድፍ የዘመኑ ስሜት ሲያልፍ ይጣላል፤ ከሰው ስም ጋር የተያያዘ መታሰቢያ ግን ይጠበቃል።

ሴባስቶፖል የሚለው ስም ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ከዚሁ ጦርነት ወሬ ነው። የሩስያው ምሽግ በተያዘበት በዚያው የአውሮፓ ዓመት፣ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በስሜን ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው ያዟቸው። ከሁለት ቀን በኋላም፣ የካቲት 5 ቀን፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተባሉ። የቤተ ክርስቲያኒቱን ሥራ የመራው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐር ነበረ። ስለዚህ የቴዎድሮስ የመንግሥት ታሪክ የሚጀምረው በስሜን ነው።

የመድፍ ፍላጎታቸው ግን ከዘውዱ ይቀድማል። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ወሰን ደባርቂ በተባለው ስፍራ በምሽግ ከነበረው የግብፅ ጦር ጋር ሲዋጉ፣ በጀግንነት የማይታማው ሠራዊታቸው በሠለጠነ የእሳት ኃይል ተመትቶ ተመለሰ። ይህ ደባርቂ ከስሜኑ ደባርቅ ጋር በስም መመሳሰል ብቻ ሊምታታ አይገባም፤ ስሕተቱ በጽሑፍም በንግግርም ሲደጋገም ይታያልና። ከዚያ ውጊያ ቴዎድሮስ የተማሩት ነገር፣ ፈረሰኛና ጦረኛ የቱንም ያህል ቢበዛ በሥርዓት የተደራጀ መድፈኛን እንደማይመክት ነው። በኋላም መድፍ መግዛት ብቻ ሳይሆን በአገር ውስጥ ማሠራትን አጥብቀው የፈለጉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው የተፈጸመው በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ነበር። በዚያ የነበሩት አውሮፓውያን፣ ከእነርሱም ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፣ ዛልሙለርና ሞሪትዝ ሃል ይገኙበታል፣ አብዛኞቹ ወንጌል ለማስተማርና የእጅ ሥራ ለማሳየት የመጡ እንጂ መድፍ ለማቅለጥ የተማሩ አልነበሩም። ንጉሠ ነገሥቱ በሽልማትም በማስገደድም ወደዚህ ሥራ አገቧቸው። ከእነርሱ ጋርም የአገር ልጆች ደከሙ፤ እንጨት ቈረጡ፤ ከሰል አከሰሉ፤ ወናፍ ነፉ። ደጋግሞ የከሸፈው ሙከራ በመጨረሻ ተሳክቶ ከቀለጡት መሣሪያዎች ትልቁ ሴባስቶፖል ተባለ። በዐይነቱ ሞርታር የሚባለው አጭርና አፈ ሰፊ የነሐስ መድፍ ሲሆን፣ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። አንዳንድ ጊዜ ክብደቱ አሥር እጥፍ ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። የሰባት ቶን ነሐስ በገደልና በዠማ አሻግሮ ማጓዝ ራሱ የሚያስደንቅ ስለ ሆነ፣ ታሪኩ ተጨማሪ ማጋነን አያስፈልገውም።

በጥቅምት ወር 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ጉዞው ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ፈጀ። ለመድፎቹ ሠረገላ የሚሆን መንገድ ስላልነበረ ሠራዊቱ እየቈፈረና ድንጋይ እየፈነቀለ ሄደ፤ የጅዳና የበሽሎ ሸለቆዎች ቍልቍለትና ዐቀበት በሰው እጅ ተጠረበ። ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ እንደ ነበረ የዐይን ምስክሮች ጽፈዋል። ትልቁን መድፍ ለመጐተት በመቶ የሚቈጠር ሰው በጠፍር ይታሰር ነበር። በዚያው ጊዜ የበጌምድር ሕዝብ በግዳጅና በቅጣት ተማሮ ሸፍቶ ነበር፤ የቴዎድሮስም ሥልጣን ከሰፈራቸው ውጭ እምብዛም አይዘልቅም ነበር። መድፉ ወደ ላይ በወጣ ቍጥር መንግሥቱ ከበታቹ ይፈርስ ነበር ማለት ይቻላል።

በሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ዓርብ ስቅለት፣ በአሮጌ ሜዳ ላይ ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ውጊያ ሆነ። ከላይ የተተኰሱት መድፎች ይህን ያህል ጕዳት አላደረሱም፤ ከትልልቆቹም አንዱ ገና ሲተኰስ ፈነዳ። ፊታውራሪ ገብርዬና ወደ 700 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ ከእንግሊዝ ወገን የቈሰሉት ሃያ ያህል ብቻ ነበሩ። ከሦስት ቀን በኋላ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ። እንግሊዞች የአምባውን መድፎች ሰባበሩ፤ አምባውን አቃጠሉ፤ የተዘረፈውንም መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭነው ሄዱ። ያ ትልቁ ሞርታር ግን በመቅደላ ቀረ፤ ዛሬም በዚያው ይገኛል። ከመቅደላ ሀብት ሁሉ ዘራፊው ሊወስደው ያልቻለው ይኸው ስለ ክብደቱ ነው።

የመድፉ አምሳል በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ስለዚህ ሥራ ፍርድ ሲሰጥ መልካሙን ማስቀደም ይገባል። መሥራቾቹ ዋናውን መድፍ ከአምባው ነቅለው ወደ ከተማ ለማምጣት አልሞከሩም፤ አምሳሉን አቁመው ዋናውን በስፍራው ተዉት። ይህ ውሳኔ ሊመሰገን የሚገባው ነው። መድፉ ከመቅደላ ቢነሣ ኖሮ የጉዞው ትርጕም ሁሉ ይጠፋ ነበር፤ ሰባት ቶን ነሐስ በከተማ አስፋልት ላይ ምንም አያስደንቅም፤ በአምባ ጫፍ ላይ ግን ያየው ሁሉ «እንዴት ወጣ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስገድዳል። ከዚህም በላይ አምሳሉ መቅደላን ለማየት ለማይችለው ለብዙው ሕዝብ የመሣሪያውን ቅርጽና ግዝፈት አሳይቷል።

ይሁን እንጂ ጉድለቱም ሊነገር ይገባዋል። አንደኛ፣ አምሳሉ መሣሪያውን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ያቀለጡት፣ የጐተቱትና በሥሩ የወደቁት በዚያ አይታዩም። ከመቅደላው ታሪክ ትልቁ ነገር መድፉ አይደለም፤ መንገዱ ነው። ሁለተኛ፣ መኪና በሚዞርበት አደባባይ መካከል ስለ ቆመ ሰው አጠገቡ ቆሞ ሊያሰላስል አይመቸውም፤ ከሩቅ ታይቶ የሚታለፍ ምልክት ሆኗል። ሦስተኛ፣ አምሳል ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ ጠባሳ የለውም። የተመልካቹን ልብ በኩራት ይሞላል፤ መድፉ የታሰበለትን ድል እንዳላመጣ ግን አይናገርም። በቸርችል ስም በተጠራ ጐዳና ላይ የመቅደላ መድፍ መቆሙ ራሱ ትልቅ ትምህርት ሊሆን ይችል ነበር፤ የተዘረፈና የዘረፈ፣ በኋላም በ1933 ዓ.ም. ጠላትን ለማስወጣት አብሮ የተሰለፈ፣ ሁለት መንግሥታት ታሪክ በአንድ መንገድ ላይ ተገናኝቷልና። ሐውልቱ ግን ይህን የሚያስረዳ ነገር ከጎኑ ካላገኘ ተመልካቹ በራሱ ሊደርስበት አይችልም።

ስለ ዋናው መድፍና ስለ መሰሎቹ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም «እናድሰው» የሚለው ነው። ማደስ የሚለው ቃል በአማርኛ በጎ ስሜት አለው፤ ቤት ይታደሳል፤ ቤተ ክርስቲያን ይታደሳል። ስለ አሮጌ መሣሪያ ሲሆን ግን ቃሉ አደገኛ ነው። በነሐስ ላይ በዘመን ብዛት የሚወጣው አረንጓዴና ቡናማ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ የታችኛውን ነሐስ የሚጠብቅ ልብስ ነው እንጂ ቈሻሻ አይደለም። ይህ ሽፋን በሽቦ ቡሩሽ ወይም በአሸዋ ግፊት ቢፋቅ አብሮት የአቅላጩ ምልክት፣ የመዶሻው ዱካና የስንጥቁ ጠርዝ ይጠፋል። ቀለም ቢቀባም እርጥበት ከቀለሙ በታች ታፍኖ ጥፋቱን ያፋጥናል። እንደ ዱቄት የሚረግፍ ብሩህ አረንጓዴ ነጥብ ሲታይ ግን ይህ ከጨው የሚመጣ በሽታ ስለ ሆነ ባለሙያ ሊያየው ይገባል። ጤናማውን ነሐስ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ማጽዳት፣ ካደረቁም በኋላ ስስ ሰም መቀባት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከሁሉ አስቀድሞም በበርሜሉ ውስጥ ያልተተኰሰ ባሩድ ወይም ጥይት አለመቅረቱን የሚያውቅ ሰው መመርመር አለበት፤ የብዙ ዘመን ባሩድም ሊገድል ይችላልና።

ከሙያው በላይ ያለው ደንብ ደግሞ ይህ ነው፤ ጥገና ማስረጃ ባለቀበትና ግምት በሚጀመርበት ስፍራ መቆም አለበት። በ1964 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በቬኒስ የተሰበሰቡት የቅርስ ባለሙያዎች ያጸኑት ዋና ሐሳብ ይኸው ነው። በኢትዮጵያም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 የቅርስን ጥገና በባለ ሥልጣኑ ፈቃድ ሥር አድርጎታል። ይህ ደንብ ለአገሬው የተከለከለ ነገር መስሎ ሊታይ አይገባም። የፈነዳ መድፍ ስንጥቁ ቢደፈን፣ የተሰበረ ሠረገላ በግምት በተሠራ አዲስ ጐማ ቢተካ፣ መድፉ ያልነበረበትን ድል እንዲመሰክር ተገዷል ማለት ነው። የሐሰት ምስክር ደግሞ ለሙታን ክብር አይሆንም።

ይህን ሁሉ ይዞ ወደ ድብ ባሕር ሲወርዱ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። ከጐንደር በዳባትና በደባርቅ የሚያልፈው መንገድ ከደጋው ጫፍ በሊማሊሞ ጥምዝምዝ ወርዶ ድብ ባሕር ይደርሳል፤ ከዚያም በዛሬማና በአዲ አርቃይ አድርጎ ወደ ተከዜ ይሄዳል። ገደሉን ቈርጦ የወጣውን የመኪና መንገድ ያሠሩት ኢጣልያኖች በወረራቸው ጊዜ ነው። መንገድ ያለበት አገር የጦር ማለፊያ መሆኑ አይቀርም። በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩና የደጃዝማች አያሌው ብሩ ሠራዊት ተከዜን ተሻግሮ በደንበጉና በር ከኢጣልያ ቀላል ታንኮች ጋር ሲገናኝ፣ መድፍ የሌለው ሠራዊት ታንክ ላይ በእጁ ወጥቶ ተዋጋ። ቴዎድሮስ በደባርቂ የተማሩት ትምህርት ከ88 ዓመት በኋላ የልጅ ልጆችን በሌላ መልክ ጠበቃቸው።

ከዚያም በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ የጐንደር ክፍል ገና በጠላት እጅ ሳለ፣ በደባርቅ አጠገብ ያለውን የወልቅፊት በር የያዘው የኮሎኔል ጎኔላ ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ለወራት ተከበበ። በመስከረም 1934 ዓ.ም.፣ በመስቀል ሰሞን፣ ወደ 3,000 የሚጠጋው ጦር እጁን ሰጠ፤ ጐንደርም በኅዳር ወር ተያዘች። ይህ ድል ሊታሰብ የሚገባው ነው። ነገር ግን ማን እንደ ተዋጋ በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል። በከባቢዎቹ ወገን የስሜንና የወገራ አርበኞች ነበሩ፤ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ወታደሮችም ነበሩ። በተከበቡትም ወገን ከኢጣልያኖቹ ጋር ገሚስ የሚያህሉት የቅኝ ግዛት ወታደሮች ነበሩ። በወልቅፊት ገደል የወደቀው ሁሉ ነጭና ጥቁር፣ ወዳጅና ጠላት ተብሎ በቀላሉ አይለይም። በዚያ ስፍራ የሚቆም የተማረከ መድፍ «ጠላትን ድል አደረግን» ቢል እውነት ይናገራል፤ ይህን ብቻ ቢል ግን እውነቱን ገምሶ ይናገራል።

የቅርቡ ዘመን ደግሞ ነገሩን ከብዶት ይገኛል። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ በአዲ አርቃይ በኩል ወደዚህ አገር መጣ፤ በነሐሴ መጨረሻም በዳባት ወረዳ በጭና ሲቪል ሰዎች ተገደሉ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም በዚያው ዓመት በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። ስለዚህ በስሜን ግርጌ ስለ ጦርነት መታሰቢያ መናገር ስለ አያቶች ብቻ መናገር አይደለም። መቃብሩ ገና ያልሻረ፣ ተዝካሩ ገና ያልራቀ ቤተ ሰብ አለ። ተከዜን ተሻግሮም እንዲሁ የሚያለቅስ አለ።

በዚህ ስፍራ ተቃዋሚው የሚለው ሊሰማ ይገባል። «ድሀ አገር ነው፤ ለእብነ በረድ ገንዘብ የለውም፤ መድፍ ግን ያለ ዋጋ ይገኛል፤ ልጆችም ከጽሑፍ ይልቅ በዐይናቸው ያዩትን ያስታውሳሉ፤ ሐዘንተኛም የሚቆምበት ስፍራ ይፈልጋል» ይላል። ይህ ነገር ከንቱ አይደለም። ሊቃውንት ነገሩን እስኪያጣሩ ድረስ ሕዝብ ሐዘኑን ይዞ ሊጠብቅ አይችልም። በእጅ የሚዳሰስ ነገርም ኀይል እንዳለው መቅደላ ራሱ ምስክር ነው። ነገር ግን ክርክሩ የሚያስረዳው መድፍ ለመታሰቢያ ሊጠቅም እንደሚችል ነው እንጂ መድፍ ብቻውን መታሰቢያ እንደሚሆን አይደለም። መድፍ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያይ ነገር ነው። አፉን ወደ ጐረቤት አገር አዙሮ የቆመ መድፍ፣ ያቆሙት ሰዎች ባያስቡትም እንኳ፣ ለሚቀጥለው ትውልድ የሚያስተምረው ማን እንደ ሞተ ሳይሆን ማን እንደሚተኰስበት ነው።

ስለዚህ ከመቅደላው ምሳሌ ለስሜን ግርጌ የሚወጣው ሥርዓት እንዲህ ሊሆን ይገባዋል። መጀመሪያ፣ መድፉ ከተገኘበት ስፍራ ሳይነሣ መዝገብ ይያዝለት፤ ርዝመቱ፣ የአፉ ስፋት፣ በላዩ ያለው ፊደልና ቍጥር፣ የተገኘበት ቦታ፣ ሽማግሎች ስለ እርሱ የሚናገሩት ሁሉ ይጻፍ። የሽማግሎቹ ቃል እርስ በርሱ ባይስማማ ሁለቱም ይጻፉ፤ አለመስማማቱም የታሪክ ክፍል ነውና። ሁለተኛ፣ ጥገናው ጥፋትን በማቆም ይወሰን። ሦስተኛ፣ መድፉ ከፍ ባለ መደብ ላይ ሳይሆን ሰው በሚደርስበት ዝቅታ ላይ ይቀመጥ፤ አፉም ወደ ማንም አገር አይዙር። አራተኛና ከሁሉ የሚበልጠው፣ ስም ይጻፍ። የሞቱት በየደብራቸው ይቈጠሩ። ስንቅ ተሸክመው፣ ቍስለኛ አስታመው፣ ወይም በቤታቸው ደጃፍ ተገድለው የወደቁ ሴቶች ከዝርዝሩ አይቅሩ። ስሙ ያልታወቀም ካለ ስሙ እንዳልታወቀ ይጻፍ።

በዚህ አኳኋን የቆመ መድፍ ወደ አገሩ የቀድሞ ሥርዓት ይመለሳል፤ ዕቃው እንደገና ለስሙ አገልጋይ ይሆናል። ካህኑ በሙት ዓመት ቀን ስሞቹን ቢጠራ፣ መምህሩም ተማሪዎቹን አምጥቶ መድፉን ማን እንደ ሠራው፣ ማን እንደ ጐተተው፣ ለምን እንደ ተሰነጠቀ ቢጠይቃቸው፣ ሁለቱም በአንድ ስፍራ ሥራቸውን ያገኛሉ። ፉከራው ባይቀርም ብቻውን አይሆንም፤ ሙሾውም ከጎኑ ይሰማል።

የሴባስቶፖል የመጨረሻ ትምህርት ምናልባት ይህ ነው። ቴዎድሮስ መድፉን ያሠሩት አገርን አንድ ለማድረግና ከጠላት ለመከላከል ነበር፤ ሲጐትቱት ግን የሚከላከሉለት ሕዝብ ከእጃቸው ወጣ። ይህን አምኖ መናገር የንጉሠ ነገሥቱን ታላቅነት አያሳንሰውም፤ እንዲያውም ሐሳባቸውና ሥቃያቸው የሚታየው ይህ ሲነገር ነው። በመቅደላ ላይ ያለው ነሐስ ሳይወለወልና ሳይደፈን እስከ ቆየ ድረስ ሁለቱንም ይናገራል፤ ታላቁን ሐሳብም፣ የተከፈለበትንም ዋጋ። በድብ ባሕርም ሆነ በደባርቅ መድፍ አንሥቶ መታሰቢያ የሚያደርግ ሕዝብ ቢኖር የሥራው መመዘኛ ይኸው ሊሆን ይገባዋል፤ መድፉ ምን ያህል አበራ ሳይሆን፣ በአጠገቡ የቆመች የሟች እናት የልጇን ስም አገኘች ወይ ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል።